በጭላዳዎቹ መሃል

ነብሮ የሚባል ውሻ ነበረኝ። በግ በምጠብቅበት ዕድሜ ከእግሬ ሥር አይጠፋም ነበር፤ ለምሳ ከተቋጠረልኝ ቂጣ ግማሹ የእሱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገፍ፣ በጎቹን ወደ መንዝ ጓሳ ጠርዝ ነድተን ከአንድ ጉብታ ላይ ብቅ ስንል ሜዳው በጭላዳ ዝንጀሮ ተሸፍኗል። ሁለት መቶ ይሁኑ ሦስት መቶ አልቆጠርኩም። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ሊሞቁና ሣር ሊነጩ የወጡ ናቸው። ነብሮ ጆሮውን ከማቆሙ አንዱ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሜዳው ራሱ የተደፋ ይመስል ነበር። እናቶቹ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ፣ ወንዶቹ ጎፈራቸውን እየነሰነሱ፣ ሁሉም ወደ ገደሉ አፋፍ ፈሰሱና ጠፉ።

በባዶው ሜዳ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ቀይ። ቀይ ቀበሮ ነበረች። ጭላዳዎቹ ሲሸሹ ከመሃላቸው የተራቆተች፣ ወዴት እንደምትሄድ የጠፋባት ትመስል ነበር። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩባት። ነብሮም ተከተላት፤ አልደረሰባትም። ቀበሮ በግ ትነጥቃለች ተብለን ያደግን ልጆች ነንና እጄ ወደ ድንጋይ ሲሄድ ምንም አላሰብኩም።

ማታ ምድጃ ዳር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ውሻዬን ያን ያህል ርቀት ላይ አይቶ የተሸበረ እንስሳ፣ ቀበሮን ከጎኑ አቁሞ ሣር የሚነጨው ለምንድን ነው? አያቴን ጠየቅኋት። ክሯን እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷን ሳታቆም «ይተዋወቃላ! የሷን ዐመል ያውቀዋል፤ ያንተን ውሻ ዐመል ከየት ያውቀዋል?» አለችኝ። ለብዙ ዓመት ስለዚህ ነገር ያገኘሁት መልስ ይኸው ብቻ ነበር። አሁን ሳስበው ጥሩ መልስ ነበር።

በፈረንጆቹ 2015 ላይ ጓሳ ውስጥ ጭላዳዎቹን ለዓመታት ሲከታተሉ የነበሩ ተመራማሪዎች ያዩትን በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት አወጡ። ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። አዲስ አበባ ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳነበው እጄ ላይ የያዝኩት ስልክ ሳይሆን ያ ድንጋይ መሰለኝ። ቀይ ቀበሮ ብቻዋን ስታድን ከ100 ሙከራዋ የሚሳካላት 25 ያህሉ ነው። በጭላዳ መንጋ መሃል ሆና ስታድን ግን 67ቱ ይሳካላታል። ያደነችው ደግሞ በግ አይደለም፣ የጭላዳ ልጅም አይደለም፤ አይጥ ነው። የቀይ ቀበሮ ዋናው ምግብ በደጋው ሣር ውስጥ ጉድጓድ ምሶ የሚኖረው አይጥ ነው። ቀይ ቀበሮዎች በመንጋ ይኖራሉ፣ አገራቸውን በጋራ ይጠብቃሉ፣ ወደ አደን ሲወጡ ግን ለየብቻ ነው።

ያነበብኩትን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ባለፈው መስከረም መስቀልን ከዘመድ ጋር ለማሳለፍ መሐል ሜዳ ስወርድ ሁለት ቀን ለጓሳ አስቀመጥኩ። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ደጋ ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ላየ ቆላው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሣሩ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ከሣሩ በላይ ጅባራው ለብቻው ቆሟል። ጅባራ ዕድሜውን ሙሉ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል።

ጭላዳ ሲበላ ቀርቦ ያየ ሰው ድምፁን አይረሳውም። ቁጭ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንድ አንድ ዘለላ ይነጫል። እጁ ሲሞላ ወደ አፉ፣ ከዚያ ደግሞ መንጨት። መነሳት አይወድም፤ እንደተቀመጠ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደፊት ይሄዳል። መቶ እንስሳ ይህን ሲያደርግ ሜዳው ሁሉ ቅጭ ቅጭ ይላል፤ በዚያ ላይ የማያቋርጥ ጉርምርምታ አለ። እርስ በርሳቸው ያወራሉ፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። አንዲት ግልገል ከእናቷ ጡት ተነስታ በአራት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና እጄን አየችው፣ ከዚያ የራሷን እጅ አየች፣ ከዚያ ተመልሳ ሄደች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ቀበሮዋ መጣች። አመጣጧን አልረሳውም፤ ለቅሶ ቤት ዘግይቶ እንደሚገባ ሰው ነበር። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ፣ ሳትሮጥ፣ ዳር ዳሩን ይዛ ገባች። አንዱ ወንድ ጭላዳ ቀና ብሎ አያትና ወደ ሣሩ ተመለሰ። ጡት የምትጠባ ልጅ የያዘች እናት ከእርሷ ብዙም ሳትርቅ ተቀምጣ ነበር፤ አልተነሳችም። ቀበሮዋ በመካከላቸው ቀስ እያለች ሄደች፣ ቆመች፣ ጆሮዋን ወደ መሬት አዘነበለች፣ ደግሞ ሄደች። ድንገት የፊት እግሮቿ አየር ላይ ሆኑ፤ አፍንጫዋ ሣሩ ውስጥ ገባ። ስትነሳ በአፏ አይጥ ይዛለች። ዘሎ የሸሸ ጭላዳ የለም። ከእርሷ አጠገብ የነበረው አንዱ ብቻ ትንሽ ፈቀቅ አለላት።

ጭላዳዎቹ መሃል መሆን ቀበሮዋን የሚረዳት እንዴት ነው? ተመራማሪዎቹ ሁለት ነገር ይገምታሉ። ምናልባት የጭላዳዎቹ መንፏቀቅና መንጨት አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጣቸዋል። ምናልባት ደግሞ አይጡ ብዙ እንስሳ ከአናቱ ሲመላለስ ስለለመደ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የመጣችበትን ጠላት አይለይም። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላው ጎን ነው። ጭላዳው ከዚህ ምን ያገኛል? ሣር በሊታ ነው፤ አይጥ ቢቀነስለት ትንሽ ሣር ይተርፈው ይሆናል፣ ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየለትም። ሳይንሱ ሲምባዮሲስ የሚለው የአብሮ መኖር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሁለቱም የሚጠቀሙበት አለ፣ አንዱ በሌላው ጉዳት የሚኖርበት አለ፣ እንደዚህ አንዱ ሲጠቀም ሌላው የማይጎዳበትም አለ። ይህን ሦስተኛውን መጻሕፍት በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። እኔ ግን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እርሱ ነው። ምንም የማያገኝ ወገን ለምን ይፈቅዳል?

የሚፈቅደው እርሷ ስለታቀበች ነው። የጭላዳ ግልገል ለቀበሮ ከአይጥ የሚበልጥ ሥጋ ነው፤ ደግሞ በእጇ ነው፣ በሁለት ዝላይ ትደርስበታለች። አትነካውም። ተመራማሪዎቹ ይህ ሕግ ሲጣስ ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቀበሮ ግልገል ነጠቀ፤ ጭላዳዎቹ ወዲያው ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩት፣ በኋላም ሊመለስ ሲሞክር አላስጠጉትም። ስለዚህ እዚያ ሜዳ ላይ ያለውን ነገር ወዳጅነት ማለት ይከብደኛል። ወዳጅነት የሚለው ቃል ሲደረግ የሚታይ ነገር ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ሁሉም ነገር የቆመው ባልተደረገ ነገር ላይ ነው። እርሷ እጇን ሰበሰበች፣ እነርሱም አልሸሹም። ነብሮዬ ያን ጠዋት ያፈረሰው ይህንን ነበር።

ስለ ቀይ ቀበሮ ሌላም አንድ ነገር ልጨምር፤ ከመጣሁበት መንገድ ትንሽ ቢያወጣኝም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎች እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ቀይና ቢጫ የደጋ አበባ ሲልሱ ታይተዋል። ይህ የታተመው በፈረንጆቹ 2024 ነው። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ ሲጨርስ አፍንጫው በብናኝ ቢጫ ሆኖ ነው። ሥጋ በሊታ ትልቅ አውሬ እንደ ንብ የአበባ ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያደርስ አይቀርም ማለት ነው። የባሌ እረኛ ልጆችም ያንኑ አበባ ይመጡታል። ይህን ሳነብ ቀበሮና እረኛ ከአንድ አበባ እንደሚቀምሱ አሰብኩና፣ እረኛ ሆኜ የያዝኩት ድንጋይ እንደገና ከበደኝ።

ከጓሳ ስመለስ ማታ አጎቴ ጋ አደርኩ። በማግስቱ ባቄላ ማሳው ውስጥ ይዞኝ ገባ። አበባው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ከታች በኩል እሸት መያዝ ጀምሯል። ያየሁትን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ለምን ሁሌ ከገብስ በኋላ ባቄላ ይዘራሉ?» አልኩት፤ መልሱን ባውቀውም ከእርሱ መስማት ፈልጌ ነበር።

«መሬቱ እንዲሰባ ነዋ። ገብስ ይበላል፣ ባቄላ ያበላል። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

አንዱን እግር ነቅዬ ሥሩን አራገፍኩት። በቀጫጭኖቹ ሥሮች ላይ ከሽንብራ ቆሎ ያነሱ እባጮች ተለጥፈዋል፤ እዚህ ሁለት፣ እዚያ አምስት፣ አንድ ቦታ ላይ ተጠጋግተው እንደ ትንሽ ጡጫ። አንዱን በጥፍሬ ከፈልኩት። ውስጡ ሮዝ ነው፤ ቀርቦ ላየው ደም የቀላቀለ ይመስላል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየውና «እኔ እኮ ትል ያስቀመጠው እንቁላል ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ስንት ዘመን በሽታ ነው ብዬ ስረግመው ኖሬአለሁ» አለኝ። እባጩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል ግን እንዲሁ ሊጠቀምበት አይችልም፤ በዚያ ናይትሮጅን መሃል ቆሞ ይራባል። ባክቴሪያው ያንን ናይትሮጅን ተክሉ ሊበላው ወደሚችለው መልክ ይለውጥለታል፤ ባቄላው ደግሞ ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ይሰጠዋል። ሮዝነቱ የመጣው ኦክስጅን ከሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ የእኛን ደም ከሚያቀላው ሄሞግሎቢን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ባክቴሪያው ለመተንፈስ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፣ ኦክስጅን ሲበዛ ግን ናይትሮጅን የመለወጥ ሥራው ይበላሻል፤ ስለዚህ ባቄላው በዚህ ቀይ ነገር አማካይነት እየመጠነ ያጠጣዋል።

ያ መመጠን ነው ከቀበሮዋ ጋር ያገናኘብኝ። ባክቴሪያው ስኳሩን እየበላ ሥራውን ቢተውስ? በፈረንጆቹ 2003 በአኩሪ አተር ላይ ይህን የፈተኑ ተመራማሪዎች ነበሩ። በአንዳንዶቹ እባጮች ዙሪያ ያለውን አየር ናይትሮጅን በሌለው አየር ለወጡት፤ ባክቴሪያው ቢፈልግም ሊሠራ እንዳይችል አደረጉት ማለት ነው። ተክሉ ምን አደረገ? ወደ እነዚያ እባጮች የሚገባውን ኦክስጅን ቀነሰባቸው፤ ባክቴሪያዎቹም የመራባታቸው ነገር ወደ ግማሽ ወረደ። አንጎል የሌለው አተር ማን እንደሠራለትና ማን እንዳልሠራለት እባጭ በእባጭ ይለያል። ለአጎቴ በቀላሉ ልነግረው ሞከርኩ፤ «ሠራተኛ ካልሠራ ምሳ አይላክለትም» አልኩት። «እኔ ግን ምሳ ሳልልክለት ዝም ብሎ ሲሠራልኝ ኖሯል» አለና የተነቀለውን እግር መልሶ መሬት ውስጥ ቀበረው። እንደማይጸድቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚህ ቦታ ላይ ጽሑፌን ብጨርስ ይመቸኝ ነበር፤ ያታለለ ይቀጣል፣ የታቀበ ይጠቀማል ብዬ። ሾላ ግን አይፈቅድልኝም። ከመንዝ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ በወንዙ ዳር ግንዱ ድረስ ፍሬ የሚያፈራ ሾላ አለ፤ በልጅነታችን ፍሬውን ከፍተን ውስጡ ትንንሽ ነፍሳት ስናይ እፍ ብለን አባርረን እንበላው ነበር። ሾላ ፍሬ የምንለው ወደ ውስጥ የዞረ አበባ ነው፤ መቶዎች ጥቃቅን አበቦች በአንድ ከረጢት ውስጥ ተዘግተዋል። አንዲት ጤፍ የምታክል ተርብ በጫፉ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ተጨናንቃ ትገባለች፤ ስትገባ ክንፏ ይቆረጣል፤ ተመልሳ አትወጣም። በአንዳንዶቹ አበቦች ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ ሌሎቹን ይዛው በመጣችው ብናኝ ታዳቅላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ሲፈለፈሉ ክንፍ የሌላቸው ወንዶቹ መውጫ ይቦረቡራሉ፤ ሴቶቹ ብናኝ ሰብስበው በዚያ ይወጣሉ። ነገር ግን እዚያው ሾላ ውስጥ በመልክ ከርሷ ጋር የምትመሳሰል የቅርብ ዘመድ ተርብ አለች፤ እርሷም ትገባለች፣ እርሷም እንቁላሏን ትጥላለች፣ ግን የማዳቀሉን ሥራ አትሠራም። ሾላውም ሁለቱንም ያስተናግዳል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሾላ ስበላ ዝም እላለሁ። በተፈጥሮ ውስጥ ፍርድ አለ ብሎ ለመናገር ችኮላ አያስፈልግም፤ አንዳንዱ አታላይ ከነልጅ ልጁ ይኖራል።

ይህ ሁሉ ጓሳን ራሱን በሌላ ዓይን እንዳየው አደረገኝ። ያ ሜዳ እስካሁን ሜዳ ሆኖ የቆየው ጭላዳና ቀበሮ ስለተስማሙ ብቻ አይደለም። የመንዝ ሰውም እጁን ስለሰበሰበ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን የሚያስተዳድረው የቄሮ ሥርዓት የሚባል ነበር። የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በአጽመ ርስት ድርሻ አላቸው፤ ጓሳውን የሚጠብቅላቸው መሪ ይመርጣሉ። መሪው ጓሳ ይዘጋ ካለ ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ከሌላው ሣር በላይ ዕድሜ አለው፤ ገመድ ይገመድበታል፣ ዝናብ የሚከልል ጌሳ ይሠራበታል። በተዘጋ ጊዜ የተገኘ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። አያቴ የምትተኛበት ጎጆ ክዳን፣ ስንት ጎረምሳ ማጭዱን ይዞ ወደ ጓሳ እያየ ሳይሄድ የቀረበት ዓመት እንዳለበት ያኔ አላውቅም ነበር።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ የቄሮ ሥርዓት መሠረቱ ተናደ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣውን ፍትሕ አልክድም፤ ከቤተሰቤም በእርሱ መሬት ያገኘ አለ። ጓሳ ግን ባለቤት የሌለው ሆነ፤ ሁሉም ከብቱን ነዳበት፣ ሁሉም አጨደበት። የአካባቢው ሰው ኋላ ላይ ራሱ ተሰብስቦ በኮሚቴ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው። እኔ ባለፈው መስከረም ያየኋት ቀበሮ በሕይወት የምትገኘው ከዚያ ስብሰባ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ። በዓለም ላይ ቀይ ቀበሮ ያለው ኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ሁሉም ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ከሚያስፈሯቸው ነገሮች ዋነኛው ደግሞ ድንጋይ አይደለም፤ ውሻ ነው። በባሌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል፤ ሁሉም በፈረንጆቹ ቁጥር ነው።

ነብሮ በሽታ አልነበረበትም። በእርጅና ነው የሞተው፤ ከቤታችን ጀርባ ቀብሬዋለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ጠዋት ብቻ አልነበረም። በየሳምንቱ ጓሳ ጠርዝ ይዤው እወጣ ነበር፤ በየሳምንቱም ያ ሜዳ ይደፋ ነበር። ስንት ቀበሮ ስንት ቀን ያለ ቁርስ እንደዋለች አሁን አሰላዋለሁ።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት በነበረው ጠዋት አንዴ ልወጣ ፈለግሁ። ጎህ ሳይቀድ ስነሳ አጎቴ ቀድሞኝ ተነስቷል። ደጅ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይታገላል። የእርሱ ውሻ ወጣት ነው፤ ዓምና ክትባት ተከትቧል፤ ሰው ወደ ጓሳ ሲወጣ መከተል ይወዳል።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?»

«ትናንት የነገርከኝን ሳስብ አደርኩ» አለ ቀና ሳይል። «ይሄ ደግሞ ከተለቀቀ አይመለስም።»

ውሻውን ከግራሩ ግንድ ጋር አሰረው። የታሰረበት ገመድ ከጓሳ ሣር የተገመደ ነው፤ አረንጓዴው ገና አልለቀቀውም። ሁለቴ ቋጥሮ ጎተት አድርጎ አየውና «ሂድ በል፣ ጉሙ ሳይገፍ ድረስባቸው» አለኝ። ጉብታውን እስካልፍ ድረስ ውሻው ሲያላዝን ይሰማኝ ነበር።